ሕያው ማዳበሪያ፦ ዕቃው ርካሽ፣ ገበያው ግን ለምን ጠበበ?

የዩሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያስነጥስ የኢትዮጵያ የእህል ገበያ ጉንፋን እንደሚይዘው ነጋዴው አሳምሮ ያውቀዋል። አገሪቱ የምትጠቀምበት የፋብሪካ ማዳበሪያ በሙሉ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአማካይ 230 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ ቶን ዩሪያ የተፈጥሮ ጋዝ መወደድና የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ተደራርበው እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደይ ወራት ከ900 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። የዓለም ዋጋ ከዚያ በኋላ ቢቀንስም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የእያንዳንዱ ኩንታል የብር ዋጋ እንደገና ወደ ላይ ተመንጥቋል።

በዚህ መካከል ግማሽ ኪሎ የማይሞላ የሚመስል፣ ነገር ግን ለአንድ ሔክታር የሚበቃ፣ አገር ውስጥ ሊመረት የሚችልና የውጭ ምንዛሪ እምብዛም የማይጠይቅ ሌላ ዕቃ አለ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ቦሎቄና አኩሪ አተር ከአየር ላይ ናይትሮጅን እንዲስቡ የሚያግዝ ሕያው ማዳበሪያ ነው። ሳይንሱ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን በአገር ውስጥም ተሞክሮ የታየ ነው። ታዲያ ርካሽ የሆነ፣ በሚገባ ከተያዘ ደግሞ የሚሠራ ዕቃ ገበያው ለምን ሳይሰፋ ቀረ? የጥያቄው መልስ ያለው በቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይሆን በፋብሪካውና በማሳው መካከል ባለው የንግድ መንገድ ላይ ነው።

በአንድ ስም የሚሸጡ ሦስት ዕቃዎች

ገበያ ውስጥ «የተፈጥሮ ማበልፀጊያ» ወይም «ኦርጋኒክ ማዳበሪያ» ተብለው የሚቀርቡት ዕቃዎች በባሕርያቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። ሥራቸው፣ ክብደታቸውና ገዢያቸው የተለያየ በመሆኑ አንዱን ከሌላው መለየት ለነጋዴው የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ምግብ የሚሰጠው ነው። ኮምፖስት፣ በትል የሚዘጋጀው ቨርሚ ኮምፖስት፣ የባዮጋዝ ዝቃጭና የበሰበሰ ፍግ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ ለሰብሉ ንጥረ ነገር ከማቅረባቸውም በላይ የአፈሩን እርጥበት የመያዝ ኃይል ያሻሽላሉ።

ሁለተኛው ዓይነት የሚያነቃቃው ነው። ከባሕር አረም፣ ከሁሚክ አሲድና ከአሚኖ አሲድ ተዘጋጅተው በፈሳሽ ወይም በዱቄት መልክ የሚሸጡት የዚህ ወገን ናቸው። ራሳቸው ብዙ ምግብ አይሰጡም፤ ተክሉ ያለውን ምግብ በተሻለ ሁኔታ እንዲጠቀምና ድርቅን ወይም ብርድን እንዲቋቋም ይረዳሉ ተብለው ይሸጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የማዳበሪያ ደንብ እነዚህን ራሳቸውን የቻሉ ምድብ አድርጎ መስፈርት አውጥቶላቸዋል። ገዢዎቻቸው በአብዛኛው የአበባ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ እርሻዎች ናቸው።

ሦስተኛው ዓይነት ሕይወት ያለው ነው። በከረጢቱ ውስጥ የሚሸጠው ንጥረ ነገር ሳይሆን ንጥረ ነገሩን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው። ለእህል ነጋዴውና ለጥራጥሬ ላኪው ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበው ይኸኛው በመሆኑ ሒሳቡን አንድ በአንድ መመልከት ይገባል።

ባክቴሪያው ምን ይሠራል?

ሰው ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ይሁን እንጂ ስንዴም ሆነ ጤፍ፣ በቆሎም ሆነ ሰሊጥ ይህንን ናይትሮጅን እንዳለ ወስደው መጠቀም አይችሉም። የዩሪያ ፋብሪካ የሚሠራው ሥራም አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ ተክል ሊበላው ወደሚችል መልክ መለወጥ ነው። ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። የጋዝ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የዩሪያ ዋጋ ተከትሎት የሚወጣው ስለዚህ ነው።

የጥራጥሬ ተክሎች ግን ከዚህ የተለየ ዕድል አላቸው። ራይዞቢየም የተባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ሥራቸው ውስጥ ገብተው ትናንሽ እንክብሎችን ይሠራሉ። ተክሉ ለባክቴሪያው ስኳርና መጠለያ ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ከአየር የሳበውን ናይትሮጅን ለተክሉ ያስረክባል። ጀርመናውያኑ ሄልሪገልና ቪልፋርት ይህንን ግንኙነት እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1888 ባለው ጊዜ አረጋገጡ። ሆላንዳዊው ቤየሪንክ በ1888 ባክቴሪያውን ለብቻው ለይቶ አወጣ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ኖቤና ሂልትነር የተባሉ ሌሎች ጀርመናውያን «ናይትራጂን» በሚል ስም ለሽያጭ አቀረቡት። በመሆኑም ሕያው ማዳበሪያ አዲስ ፈጠራ ሳይሆን ከዩሪያ ፋብሪካ ቀድሞ ገበያ ላይ የዋለ ዕቃ ነው።

አጠቃቀሙም ውስብስብ አይደለም። ባክቴሪያው እርጥበት በሚይዝ፣ በደቀቀ አፈር መሰል ነገር ውስጥ ተደርጎ በከረጢት ይታሸጋል። ገበሬው ዘሩን በጥቂት የስኳር ውኃ አርሶ ከዱቄቱ ጋር በጥላ ሥር ይለውሰዋል፤ ወዲያውም እርጥበት ባለው መሬት ላይ ዘርቶ አፈር ያለብሰዋል። በኢትዮጵያ የተለመደው ከረጢት 125 ግራም ሲሆን ለአንድ ሔክታር አራት ከረጢት፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ያስፈልጋል።

በሚዛን ላይ ሲቀመጥ

ሦስቱን የናይትሮጅን ምንጮች በትራንስፖርት ሒሳብ ማነፃፀር የገበያውን ጠባይ በደንብ ያሳያል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። አንድ በመቶ ናይትሮጅን ያለው ኮምፖስት ተመሳሳይ መጠን እንዲሰጥ ከተፈለገ 46 ኩንታል ያስፈልጋል። ይህም ለአንድ አይሱዙ ሙሉ ጭነት የቀረበ ነው። ኮምፖስት በገበሬው ጓሮ ተዘጋጅቶ እዚያው ሲውል አትራፊ ሆኖ ሳለ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የሚዘዋወር ሸቀጥ ሊሆን ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ትርፉን ኪራዩ ይበላዋል።

ሕያው ማዳበሪያ ከሁለቱም ይለያል። ግማሽ ኪሎው ዱቄት በራሱ ይህ ነው የሚባል ናይትሮጅን የለውም። ማሳው ውስጥ ገብቶ ግን ፋብሪካ ይሆናል። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ መለኪያ እንደሚለው ጥሩ እንክብል የያዘ የጥራጥሬ ሰብል ከመሬት በላይ ባለው በእያንዳንዱ ቶን ደረቅ ክብደቱ 20 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ከአየር ይስባል። በዚህ መለኪያ ፍሬውና ገለባው ተደምሮ አራት ቶን ደረቅ ክብደት ያለው የአንድ ሔክታር ባቄላ 80 ኪሎ ናይትሮጅን ይስባል ማለት ነው። ይህ ከ174 ኪሎ ዩሪያ ጋር ይስተካከላል።

እዚህ ላይ ግን ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይነግሩት ነገር አለ። ባቄላ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን ከፕሮቲኑ ደግሞ 16 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ነው። ከአንድ ሔክታር 20 ኩንታል ባቄላ ታፍሶ ወደ ገበያ ሲጫን ከ80 ኪሎ የማያንስ ናይትሮጅን አብሮ ይጫናል። ገለባውም ለከብት ከሄደ መሬቱ ላይ የሚቀረው ሥሩና ርጋፊው ነው። ስለዚህ «ባክቴሪያውን ከተጠቀምክ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴህ ማዳበሪያ አይፈልግም» የሚለው የሻጭ ቃል ከእውነቱ የራቀ ነው። ትክክለኛው አነጋገር ባቄላው የራሱን ወጪ ራሱ ችሎ ያልፋል፣ ከእሱ ቀጥሎ ለሚዘራው ስንዴም ጥቂት ያተርፍለታል የሚለው ነው። ሰብል የሚያፈራርቁ የአርሲና የባሌ ገበሬዎች ከባቄላ ቀጥሎ የሚመጣ ስንዴ እንደሚያምርበት ያወቁት ከሒሳቡ አስቀድመው ነው።

የትኛው ሰብል የበለጠ ያተርፋል?

ባክቴሪያው እንደ ቁልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ሰብል የራሱን ይመርጣል። ለባቄላ፣ ለአተርና ለምስር የሚሆነው አንድ ወገን ነው፤ ጓያም ከዚሁ ይመደባል። ሽምብራ የብቻውን ይፈልጋል። ቦሎቄም የራሱ አለው። ማሾና ለውዝ በአንድ ወገን ሊረዱ ይችላሉ። አኩሪ አተር ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ለሽምብራ የተዘጋጀ ከረጢት ለባቄላ ቢሸጥ ገዢው የገዛው ጥቁር ዱቄት ብቻ ነው።

ከዚህ በላይ ለነጋዴው የሚጠቅመው ልዩነት ሌላ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ለብዙ ዘመናት ሲዘሩ የኖሩ ናቸው። በመሆኑም ባክቴሪያዎቻቸው በብዙ ማሳዎች ውስጥ ቀድመው አሉ። በአድአ ወይም በበቾ ዋልካ መሬት ላይ በየዓመቱ ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ አዲስ ባክቴሪያ ቢጨምር ውጤቱ አንዳንዴ ጉልህ፣ አንዳንዴ መጠነኛ፣ አንዳንዴም ከምንም የማይቆጠር ሊሆን ይችላል። የገባው እንግዳ ከነባሩ ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ አለበትና።

አኩሪ አተር ግን ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሰብል ነው። አዲስ በሚዘራባቸው እንደ መተከልና አሶሳ ባሉ አካባቢዎች አፈሩ ውስጥ የሚስማማው ባክቴሪያ ላይኖር ወይም እጅግ አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕያው ማዳበሪያ ትልቁን ለውጥ የሚያሳየው አኩሪ አተር መጀመሪያ በሚገባበት መሬት ላይ ነው። ኢንቨስተሩ ከሌሎች አስቀድሞ ሊያየው የሚገባውም ይኸው ነው።

የዚህ ዋነኛ ምስክር ብራዚል ናት። ከ40 ሚሊዮን ሔክታር በላይ አኩሪ አተር የምታለማው ይህች አገር ለሰብሉ የናይትሮጅን ማዳበሪያ የማትጠቀም ያህል ነው። ዮሃና ዶበራይነር የተባሉት ሳይንቲስት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የአገሪቱ የአኩሪ አተር ማሻሻያ በባክቴሪያ ላይ እንዲመሠረት ሽንጣቸውን ገትረው ተከራክረዋል። የእሳቸውን ፈለግ የተከተሉት ማሪያንጄላ ሁንግሪያ ደግሞ በዚሁ መስክ ባከናወኑት ሥራ እ.ኤ.አ. የ2025ን የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተዋል። የብራዚል ገበሬ በዚህ አሠራር በየዓመቱ የሚያድነው ገንዘብ በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል።

በአፍሪካም ልምዱ አለ። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው «ባዮፊክስ» የተባለ ምርት በአንድ የኬንያ የግብርና ግብዓት ኩባንያ አማካይነት ለገበያ ቀርቧል። በዚምባብዌ ማሮንዴራ የሚገኘው የመንግሥት ቤተ ሙከራም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአኩሪ አተር ገበሬዎች ሲያመርት ቆይቷል። በኢትዮጵያ በምርምር ማዕከላት፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በብሔራዊ የአፈር ምርመራ ማዕከል የተሠራ ሥራ ያለ ሲሆን ከግሉ ዘርፍ ስሙ የሚጠቀሰው መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ ነው። በሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ኤን ቱ አፍሪካ የተባለ ፕሮጀክትም በሁለተኛው ምዕራፉ ኢትዮጵያን አካትቶ በሽምብራ፣ በባቄላ፣ በቦሎቄና በአኩሪ አተር ላይ ሠርቷል።

«አይሠራም» የሚባለው መቼ ነው?

ሕያው ማዳበሪያ ገዝቶ ለውጥ ያላየ ገበሬ ዕቃውን መውቀሱ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከአራት ቦታዎች በአንዱ ይገኛል።

አንደኛው የአፈር አሲዳማነት ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በተለያየ ደረጃ በአሲድ የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። በጣም ኮምጣጣ በሆነ አፈር ውስጥ ባክቴሪያውም ሆነ የተክሉ ሥር ይጎዳል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ከባክቴሪያው በፊት የግብርና ኖራ መቅደም አለበት።

ሁለተኛው የፎስፈረስ እጥረት ነው። ናይትሮጅን መሳብ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱ ያለ ፎስፈረስ አይገኝም። ስለዚህ ሕያው ማዳበሪያ ዩሪያን ይተካ ይሆናል እንጂ ፎስፈረስ የያዘውን ኤን ፒ ኤስ አይተካም። በአንፃሩ ለጥራጥሬ ማሳ ዩሪያ በብዛት መስጠት ባክቴሪያውን ሥራ ያስፈታዋል። ተክሉ የተዘጋጀ ምግብ ካገኘ ለእንክብሉ ስኳር ማውጣቱን ይተዋልና።

ሦስተኛው በዘሩ ላይ የሚቀባ ኬሚካል ነው። ሻጋታን ለመከላከል ዘር ላይ የሚደረጉ አንዳንድ መድኃኒቶች ባክቴሪያውንም ይገድላሉ።

አራተኛውና ከንግዱ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ሙቀትና ፀሐይ ነው። ከረጢቱ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሰንብቶ ወይም በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ከሆነ ገበሬው እጅ የሚደርሰው ሬሳ ነው። መልኩ፣ ክብደቱና ማሸጊያው ግን ምንም አይለወጥም።

ገበያው የተሰበረበት ቦታ

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የግብዓት ሥርጭት የተዘረጋው ለማይሞት ዕቃ ነው። ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ በማዕከል ተገዝተው፣ በየዩኒየኑና በየመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ወርደው፣ ገበሬው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ዝናብ ቢዘገይ፣ ብድር ቢጓተት፣ ወይም ዘንድሮ ሳይሸጥ ቢቀር ደረቅ ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ ለከርሞ ይሆናል። ነጋዴው የሚከስረው የባንክ ወለድና የመጋዘን ኪራይ ነው እንጂ ዕቃውን አይደለም። ዩሪያ ገዢን ይጠብቃል፤ ባክቴሪያ አይጠብቅም።

የሕያው ማዳበሪያ ዕድሜ በጥሩ አያያዝ ከተመረተ በኋላ ስድስት ወር ገደማ ነው። ባቄላ የሚዘራው በሰኔ ነው፤ ሽምብራ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በቀረው እርጥበት ላይ ይዘራል። ለአንድ ሰብል የሽያጭ ጊዜው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ለባቄላ የቀረበው ከረጢት ከሰኔ ካለፈ ለሽምብራ አይሆንም፤ ለከርሞ ባቄላም አይደርስም። ስለዚህ አከፋፋዩ ብዙ ካዘዘ የተረፈው ይሞትበታል፤ ጥቂት ካዘዘ ገበሬው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህንን ሥጋት የሚሸከምለት ሲያጣ ደግሞ ከናካቴው አለማዘዝን ይመርጣል። አምራቹም ትዕዛዝ ሳይዝ ማምረት ስለማይደፍር አቅሙን ሳይጠቀም ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ በፕሮጀክት ገንዘብ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ፍላጎቱም አብሮ ይቀዘቅዛል።

በዚህ ላይ ድጎማ አለ። መንግሥት ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የማዳበሪያን ዋጋ ለማረጋጋት በቢሊዮን ብር የሚቆጠር ገንዘብ ሲመድብ ቆይቷል። ዓላማው ገበሬውን ከዋጋ ንረት መታደግ እንደሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን የዩሪያ ዋጋ በድጎማ ዝቅ ሲል የተፎካካሪው ዕቃ ርካሽነት ለገበሬው አይታየውም። ለአገር በዶላር የሚድነው ገንዘብ በገበሬው ኪስ ውስጥ በብር አይንጸባረቅም።

የማይታይ ትርፍ

ሌላው እንቅፋት ትርፉ በዓይን አለመታየቱ ነው። ይህንን በምሳሌ መመልከት ይቻላል፤ ቁጥሮቹ የዕለቱ ገበያ ሳይሆኑ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

አራት ከረጢት፣ ስኳሩና ጉልበቱ ተደምሮ ለአንድ ሔክታር 1,000 ብር ፈጀ እንበል። የሽምብራ ዋጋ በኩንታል 8,000 ብር ከሆነ ወጪውን ለመሸፈን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምርት 12 ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። 15 ኩንታል ይሰጥ የነበረ ማሳ 16 ኩንታል ቢሰጥ ገበሬው 7,000 ብር የተጣራ ትርፍ አገኘ። ከሦስት ዓመት በሁለቱ ከረጢቱ ሞቶ ቢደርሰውና በአንዱ ብቻ ቢሠራለት እንኳ የሦስት ዓመት ወጪው 3,000፣ ገቢው 8,000፣ ትርፉ 5,000 ብር ይሆናል። በወረቀት ላይ የሚያስቀና ንግድ ነው።

ማሳው ላይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ከ15 ወደ 16 ኩንታል መጨመር ሰባት በመቶ እንኳ አይሞላም። ሩብ ሔክታር ያለው ገበሬ የሚያገኘው ጭማሪ 25 ኪሎ ነው። ምርቱን በአውድማ ላይ በዓይኑ የሚገምት ሰው ይህንን ልዩነት አያየውም፤ የዝናቡ መብዛትና ማነስ ከዚህ የበለጠ ያወዛውዘዋል። ስንዴው ላይ የተበተነ ዩሪያ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳውን አረንጓዴ አድርጎ ለጎረቤት ሳይቀር ይታያል። የሚታይ ዕቃ ራሱን ያስተዋውቃል፤ የማይታይ ዕቃ ግን ሚዛን ይፈልጋል።

ከዚህም ሌላ በሕያው ማዳበሪያ የበቀለ ሽምብራ ስለ አበቃቀሉ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ አያገኝም። ደረጃ መዳቢው የሚያየው የፍሬውን መጠን፣ እርጥበትና ባዕድ ነገር ነው። ልዩነት ሊኖር የሚችለው የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት ይዞ ለሚልክ ላኪ ነው። በዚያ አሠራር ዩሪያ የተከለከለ በመሆኑ ባክቴሪያው ብቸኛ ከሚባሉት አማራጮች አንዱ ይሆናል።

ነጋዴው የት ላይ ይገባል?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ገበያ የለም ለማለት አይደለም። ይልቁንም ዕቃው እንደ ዩሪያ ሊሸጥ አይችልም ማለት ነው። የሚሻለው አሸጣጥ ወደ ወተት ወይም ወደ ቀን ጫጩት ንግድ የቀረበ ነው፤ አስቀድሞ በትዕዛዝ፣ በቀጠሮና በፍጥነት።

የመጀመሪያው በር ለጥራጥሬ ላኪዎችና ለአቀነባባሪዎች የተከፈተ ነው። ዘር ሰጥተው ምርቱን መልሰው ለመግዛት ከገበሬዎች ጋር ውል የሚገቡ ድርጅቶች ስንት ሔክታር፣ ምን ሰብል፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘራ አስቀድመው ያውቃሉ። ሕያው ማዳበሪያን የሚገድለው የፍላጎት አለመታወቅ በእነሱ ዘንድ የለም። ከረጢቱን ከዘሩ ጋር አብረው ቢያቀርቡ ወጪው ከጠቅላላው የውል ገንዘብ ትንሽ ክፍል ነው። የሚጨምረው ምርትም በራሳቸው መጋዘን በራሳቸው ሚዛን ላይ ይታያል። ለብቻው ያለው ገበሬ የማያየውን ሰባት በመቶ አንድ ሺሕ ሔክታር በውል የያዘ ላኪ በግልጽ ያየዋል።

ሁለተኛው በር ቀዝቃዛ ማከማቻና ማጓጓዣ ነው። ዕቃው ትንሽ ስለሆነ የሚጠይቀው ካፒታልም ከባድ አይደለም። ለ1,000 ሔክታር የሚበቃው 500 ኪሎ ብቻ ነው። የእንስሳት ክትባት የሚይዙ መድኃኒት ቤቶችና የአበባ እርሻ ግብዓት አቅራቢዎች ይህ ዓይነት ማቀዝቀዣ ቀድሞውንም አላቸው።

ሦስተኛው ጥራትን የማረጋገጥ አገልግሎት ነው። በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያለው መስፈርት በአንድ ግራም ዱቄት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ እንዲገኝ ይጠይቃል። ይህንን በዓይን ማወቅ ስለማይቻል ሐሰተኛና የሞተ ዕቃ በቀላሉ ገበያውን ሊያበላሽ ይችላል። ከመሸጫው መደርደሪያ ላይ ናሙና ወስዶ የሚቆጥርና ውጤቱን ለገዢ የሚያሳውቅ ቤተ ሙከራ ካልተስፋፋ ሐቀኛው አምራች ከአጭበርባሪው ጋር እኩል መታማቱ አይቀርም።

ገዢው ራሱን የሚጠብቅባቸው ቀላል መንገዶችም አሉ። ከረጢቱ ላይ የሰብሉ ስም፣ የባክቴሪያው መለያ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መጻፉን ማየት፣ ሻጩ የት አስቀምጦት እንደነበር መጠየቅ፣ ማሳው ላይ ደግሞ ባክቴሪያ ሳይነካው የተዘራ አንድ ቀጭን መስመር ትቶ የሁለቱን ምርት ለየብቻ መመዘን። ሰብሉ አበባ ሲይዝ ጥቂት ተክሎችን ከነአፈራቸው በጥንቃቄ ነቅሎ በሥሩ ላይ ያለውን እንክብል በጥፍር መሰንጠቅም ይቻላል። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ፋብሪካው ሥራ ላይ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ግን አልሠራም ወይም ሥራውን አቁሟል። ይህ ምርመራ ወጪ የለውም፤ በውል እርሻ ላይ የተሠማራ ድርጅት የመስክ ሠራተኛ በአንድ ቀን ብዙ ማሳ ሊያዳርስበት ይችላል።

የጎዴው ፋብሪካ ሲመጣስ?

በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። የኢንቨስትመንቱ ግምት 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ዩሪያ አገር ውስጥ ከተመረተ ሕያው ማዳበሪያ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ከነጋዴዎች ቢነሳ አያስገርምም።

ሁለቱ ግን አንድ ገዢን አይሻሙም። ስንዴ፣ ጤፍና በቆሎ እንክብል ስለማይሠሩ ምንም ያህል ባክቴሪያ ቢለወሱ ዩሪያን አይተኩም። ሰሊጥም እንዲሁ ነው፤ «ለሰሊጥ የሚሆን» ተብሎ የጥራጥሬ ባክቴሪያ የሚያቀርብ ደላላ ቢመጣ ሊታመን አይገባም። የጥራጥሬ ማሳ ደግሞ በአገር ውስጥም ተመረተ በውጭ ብዙ ዩሪያ አይፈልግም። ለእያንዳንዱ ሰብል የሚገባውን መስጠት ውዱን ማዳበሪያ ለሚያስፈልገው ማሳ ማቆየት ነው።

የሚቀረው የንግድ ጥያቄ ነው። ሳይሸጥ ቢቀር ማን ይከስራል? ሞቶ ቢደርስ ማን ይከፍላል? የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ በአምራቹ፣ በአከፋፋዩና በገዢው መካከል በሚፈረም ውል ላይ በግልጽ እስካልሰፈረ ድረስ ግማሽ ኪሎው ዱቄት ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት ሲንከባለል ይኖራል። ለመጪው የባቄላ ዘር ትዕዛዙ መሰብሰብ ያለበት በሰኔ ሳይሆን ቢያንስ በመጋቢት ነው።